ከአንድ ጨርቅ ሁለት ካፖርት

ልብስ ሰፊዋ ሰውን የምታውቀው ከጀርባው ነው። ፊት ያታልላል፤ ሲፈልግ ይስቃል፣ ሲፈልግ ይኮሳተራል። ጀርባ ግን ይህን ሁሉ አይችልበትም። የትኛው ትከሻ ዝቅ እንዳለ፣ ማን መጉበጥ እንደጀመረ፣ ማን ወገቡ ሰፍቶ ሳለ አልሰፋሁም እንደሚል፣ ስፒል በአፏ ይዛ አንድ ጊዜ ከኋላ ዞር ካለች ይበቃታል። በሃያ ሰባት ዓመት ሥራዋ የደንበኛ ስም ረስታ ታውቃለች፤ ጀርባ ረስታ ግን አታውቅም። ይህን ባሏም ያውቅ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ዘነጋው፤ ዘንግቶም ጉድ ሆነ።

ባልየው በአንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ የመንገድ ዕቅድ አውጪ ነው፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ ኃላፊም ሆኗል። ሰዎች አንድ ሩቅ ተራራማ አገር ለማየት ሲነሱ የት ውለው የት እንደሚያድሩ፣ አውቶቡሱ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ የትኛው ማረፊያ ሙቅ ውሃ እንዳለውና የትኛው አለኝ ብሎ እንደሚዋሽ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ በስልክ አጣርቶ የሚያሰናዳው እሱ ነው። የቢሮው ሰዎች «ካርታው» የሚል ስም አውጥተውለታል። ስሙ በሌላም በኩል ይስማማዋል፤ መንገዱን ሁሉ ያውቃል፣ የትም ግን አልሄደም። ቢያንስ ሚስቱ የምታውቀው እንደዚያ ነበር።

እሁድ እሁድ ምሳ እንዳበቃ ሳህኑ በጥድፊያ ይነሳል፣ ጠረጴዛው በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፣ ከዚያ እውነተኛው የወረቀት ካርታ ይዘረጋል። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደዚያው አገር «የእኛ ጉዞ» የሚሉትን ነገር ያቅዳሉ። ይህን የጀመሩት ልጃቸው ሁለተኛ ደረጃ የገባች ዓመት ነው። ልጅቱ ተመረቀች፣ አገባች፣ ሌላ ከተማ ሄዳ ኑሮ መሠረተች፤ እነሱ አሁንም ያቅዳሉ። አንዱን ዓመት ጣሪያው አፈሰሰ፣ አንዱን ዓመት እናቱ ታመሙ፣ አንዱን ዓመት ሠርግ መጣ። «ለከርሞ» ይባባላሉ። አሥራ አንድ ጊዜ ለከርሞ ተባብለዋል። እሷ ግን አልከፋትም፤ እንደውም እውነቱን ለመናገር ሳምንቱን ሙሉ የምትኖረው ለእሁድ ነበር።

አገሩ ለማቀድ የሚመች አገር ነው። ታች ከተሞች፣ ላይ ተራሮች አሉት። በአንድ ቀን መንገድ ሰላምታው ሦስት ጊዜ ይቀየራል፤ ጣሪያው ታች ሸክላ ነው፣ ከፍ ሲሉ ድንጋይ፣ ጫፍ ላይ እንጨት። ይህን ሁሉ እሷ የሰማችው ከደንበኛ ነው። ከዚያ አካባቢ የመጣ ሰው ሱሪ ሊያሳጥር ሱቋ ከገባ በቀላሉ አይወጣም። ስፒሉን ወጋ ወጋ እያደረገች ስለ እናቱ መንደር ታስለፈልፈዋለች። ያገኘችውን እሁድ ታመጣለች፣ ባሏ ደብተር ላይ ይጽፋል። አውቶቡሱ ሽቅብ ሲወጣ በግራ መቀመጥ ነው፤ በቀኝ የተቀመጠ ሁለት ሰዓት ሙሉ ድንጋይ ሲያይ ይደርሳል። ይህን የነገራት አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። የላይኛው መንደር ማረፊያ ውስጥ ሰባት ቁጥር ክፍልን መያዝ ነው፤ መስኮቱ ተራራውን ፊት ለፊት ያያል። ይህን ደግሞ አንዲት ሙሽራ ቀሚሷን ስትለካ ነው ያወራቻት።

ለቦታዎቹ ቅጽል የምታወጣውም እሷ ነበረች። ቀኑን ሙሉ በደመና ተሸፍኖ ጠዋት ብቻ ፊቱን የሚያሳየውን ተራራ «አኩራፊው» አለችው። ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ሱቅ የማይከፈትባትን ትንሽ ከተማ «የሰነፎች ከተማ» አለቻት። ደረቷ ደካማ ስለሆነ፣ ከፍታ ላይ ትንፋሽ እንዳያጥራት፣ መሀል ላይ ምንም የማይሠራበት አንድ ቀን አስገባች። «አምስተኛው ቀን ቁጭ ብሎ መተንፈስ ነው» አለች። «የትንፋሽ ቀን» ተባለ። ባሏ ሲጽፈው እየሳቀ ነበር። ሳቁ ዛሬም ጆሮዋ ላይ አለ።

ካፖርቶቹን የሰፋችው ከአራት ዓመት በፊት ነው። አንድ ግራጫ የሱፍ ብትን አግኝታ ነበር፤ ለአንድ ካፖርት ይተርፋል፣ ለሁለት አይበቃም። ሌላ ሰው አንድ ሰፍቶ በተረፈው ኮፍያ ይሠራል። እሷ ግን ሁለቱም ቢጎድልባቸው ይሻላል ብላ የሁለቱንም ጀርባ ከሁለት ቁራጭ አወጣችው። ስፌቱ ከግራ ትከሻ ተነስቶ ወደ ቀኝ ወገብ በሰያፍ ይወርዳል፤ መኪና እንዳይጎትተው በእጇ ነው የሰፋችው። ጤነኛ ሰፊ የካፖርት ጀርባ እንዲህ አይቆርጥም። ሁለቱ ካፖርቶች ላስቲክ ለብሰው ቁም ሳጥን ውስጥ ጎን ለጎን ተሰቀሉ፤ ለጉዞው።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጡረታ የወጡ መምህርት ወደ ሱቋ ገቡ። ዘለግ ያሉ፣ ትከሻቸው ቀጥ ያለ፣ በቁመት እሷን የሚያክሉ ሴት ናቸው። ክንዳቸው ላይ አንድ ስስ ካፖርት አንጠልጥለዋል።

«የኔ እህት፣ ለዚህች ወፍራም ገበር አግቢልኝ፤ ብርድ አገር ልሄድ ነው» አሉ።

«ወዴት ነው?»

መምህርቷ አገሩን ነገሯት። ልብስ ሰፊዋ ስፒሏን ከአፏ አውጥታ መሰኪያው ላይ ሰካች። የዚያ አገር ስም ተነስቶ ስፒል በአፏ ይዛ ማውራት አይሆንላትም።

«ታድለው! ከማን ጋር ይሄዳሉ?»

«በጉዞ ወኪል ነው፤ የሚመጣው ሳምንት ረቡዕ ተነስተን፣ ዘጠኝ ቀን። አርባ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር በሠሌዳ ላይ ስሥለው የኖርኩትን አገር አንድ ጊዜ እንኳ በእግሬ ልርገጠው ብዬ ነው። ዕቅዱ ደግሞ እንዴት ያለ መሰለሽ! ሽቅብ ሲወጣ በግራ ተቀመጡ ይላል። አስቢው፣ መቀመጫው እንኳ ሳይቀር ታስቦበታል። ከዚያ የሰነፎች ከተማ እናድራለን…»

«ምን አሉኝ?»

«የሰነፎች ከተማ። እንዲህ ብለው ነው የጻፉት። ሱቅ እስከ አራት ሰዓት አይከፈትም አሉ። ቤቴ ተቀምጬ ብቻዬን ሳቅኩ።»

ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም። ሜትሯን ከአንገቷ ላይ አውርዳ ያለ ምክንያት ትጠቀልል ጀመር።

«አምስተኛው ቀን ላይ ምንም የለም» አለች ቀስ ብላ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«የትንፋሽ ቀን ነው።»

«አንቺ ደግሞ! ሄደሽበታል ማለት ነዋ!»

«ኧረ እኔ የት ሄጄ!»

መምህርቷ ቦርሳቸውን ከፍተው ብሮሹሩን አወጡላት። የባሏ ቢሮ ምልክት ከላይ አለ። ከሥር አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ፦ ክፍት መስኮት፣ ከመስኮቱ ባሻገር ነጭ ተራራ፣ መስኮቱ ፊት ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ ሰው። ፊቱ አይታይም። ግራጫ ካፖርት ለብሷል። ጀርባው ላይ፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ ወገብ፣ አንድ ሰያፍ ስፌት ይወርዳል።

መጀመሪያ ያየችው ባሏን ሳይሆን ስፌቱን ነበር፤ ከትከሻው አራት ጣት ዝቅ ብሎ ትንሽ የምትጎረብጠውን ቦታ ሳይቀር አወቀቻት፤ ያን ቀን ክሩ አልቆባት ሌላ የቀጠለችበት ቦታ ነው። ቀጥሎ ቀኝ ትከሻው ዝቅ ማለቱን አየች። ያ ትከሻ በጎኗ ሲተኛ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

«አመመሽ እንዴ?» አሉ መምህርቷ።

«አይ፣ ደህና ነኝ። ዞር ይበሉልኝ፣ ልለካዎት።»

ለካቻቸው። ቁጥሩን ጻፈች፣ ሰኞ እንዲመጡ ነገረቻቸው፣ እስከ በሩ ሸኘቻቸው። ብሮሹሩን እንዲተዉላት ለመነች። ከዚያ ሱቁን ዘግታ ቤቷ ገባች፤ በማክሰኞ ረፋድ ሱቅ ስትዘጋ የመጀመሪያዋ ነው።

የባሏን ካፖርት ከቁም ሳጥን አውጥታ አልጋው ላይ ዘረጋችው። ሁለተኛው ቁልፍ የተሰፋው በጥቁር ክር ነው። እሷ የሰፋችው በግራጫ ነበር። ይህን ድሮም አይታዋለች። ከሁለት ዓመት በፊት «ካፖርቱ አቧራ ጠጥቷል» ብሎ ላውንደሪ ወስዶት ነበር፤ ሲመለስ የቁልፉ ክር ተቀይሮ ብታየው የላውንደሪ ሰዎች ናቸው ብላ፣ እንዲያውም ረግማቸው ነበር። ያን ሰሞን ደግሞ እሱ ለስድስት ቀን ስልጠና ዋናው መሥሪያ ቤት ሄዷል። ስድስቱን ሸሚዞች በእጇ ተኩሳ ሻንጣ ውስጥ ያስገባችለት እሷ ናት። «ብርድ እንዳይመታህ ሹራብ ልጨምርልህ?» ብላዋለች። «ኧረ ስልጠና ነው፣ አዳራሽ ውስጥ ምን ብርድ አለ» ብሏታል። ካፖርቱን ላስቲኩን አልብሳ መልሳ ሰቀለችው።

እስከ እሁድ አምስት ቀን ዋጥ አድርጋ ያዘችው። ለምን እንደያዘችው ብትጠየቅ አታውቅም። ምናልባት አንድ እሁድ እንዲጨመርላት ፈልጋ ይሆናል።

እሁድ ምሳ ተበላ፣ ሳህኑ ተነሳ፣ ካርታው ተዘረጋ። ባልየው ደብተሩን ከፍቶ እስክሪብቶውን ጠቅ አደረገ።

«እህ፣ የዚህ ሳምንት ወሬ ምንድነው? ከላይኛው መንደር የመጣ ሰው አላገኘሽም?» አላት።

«አንድ ነገር ላጣራ ብዬ ነው» አለች። «አኩራፊው ፊቱን የሚያሳየው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«አሥራ ሁለት ተኩል ላይ። ደመናው ከሥር ይቀርና ጫፉ ብቻ ይቀላል። ሩብ ሰዓት ያህል ነው፣ ከዚያ መልሶ ይሸፈናል።»

«ማን ነገረህ?»

«ሾፌሮቹ ናቸዋ።»

«ሾፌሮቹ ሰባት ቁጥር ነው እንዴ የሚያድሩት?»

እስክሪብቶው ቆመ። ብሮሹሩን ከካርታው ሥር ስባ አወጣችና ፊቱ አስቀመጠችው። አየው። ከዚያ እሷን አየ። ከዚያ፣ ወንድ አይደል፣ መጀመሪያ የመጣለትን ሞከረ።

«ይሄ ማንም ሰው ሊሆን ይችላል እኮ። ጀርባ ነው።»

«ጀርባውን የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

አንገቱን ደፋ። ሲናገር ድምፁ የአዛውንት ድምፅ ሆኖ ነበር።

«ሰው ሊቀንሱ ነበር። እያንዳንድህ አዲስ መንገድ ይዘህ ና ተባልን። ሦስት ጊዜ አውጥቼ ሦስቱንም ጣሉብኝ። አለቃዬ ‹ካርታው፣ ይሄ ሰዓት እንጂ ጉዞ አይደለም› አለኝ። እኔ የማውቀው ሰዓት ነው፣ ምን ላድርግ? ደብተራችንን ይዤ ገባሁ። አንብቦ ሲጨርስ ተነስቶ ጨበጠኝ።»

«ኃላፊ የሆንከው ያኔ ነው።»

«ያኔ ነው።»

«እኔ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ጠርቼ አከበርኩልህ።»

እስክሪብቶውን ደብተሩ ላይ አጋደመው።

«እሺ፣ ዕቅዱንስ ሰጠህ፤ ሥራህ ነው፣ ጭንቅ ነው፣ ይሁን። ብትነግረኝ ኖሮ እኔው ጨማምሬ እሰጥህ ነበር። መሄዱስ? ጥለኸኝ መሄዱስ?»

«መንገዱ ከመሸጡ በፊት አንድ ሰው ሄዶ ማየት አለበት፤ ደንብ ነው። አንድ መቀመጫ ብቻ ነበር። ልነግርሽ ነበር። በኋላ ብነግርሽ እሁድ ይቀርብኛል ብዬ ፈራሁ።»

«እሁድ ነው ወይስ ደብተሩ? ከዚያ ወዲህስ ከደብተሩ ስንት መንገድ ወጣ?»

«ሁለት» አለ። ወዲያው «ሦስት» ብሎ አረመ።

ያን ጊዜ ነገሩ ሙሉ ለሙሉ ተገለጠላት። እሷ ስለ አንድ መስኮት ስታወራ ፊቱ ለምን ያበራ እንደነበር፣ «እስቲ ድገሚው» የሚለው ለምን እንደነበር። ፍቅር ነው ብላ ነበር። ምናልባት ፍቅርም ነበረበት፤ ከምን ጋር እንደተደባለቀ ግን ከእንግዲህ ለይታ የምታወጣበት መንገድ የለም። ሰባት ቁጥር ክፍል ውስጥ ስንት ሰው አድሯል? ስንት ባልና ሚስት በእሷ መስኮት አይተዋል፣ በእሷ ቀን ተንፍሰዋል፣ እሷ ባወጣችው ስም ስቀዋል? ላለማልቀስ ብላ የካርታውን ጠርዝ በጥፍሯ ጫን ጫን አደረገችው።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለች። «ያምራል?»

ቢዋሻት ምን ነበረበት? ሁለት ዓመት የዋሸ ሰው አንድ ቀን ቢጨምር ምን ይጎድልበት ነበር? ቀዝቃዛ ነው፣ ጭቃ ነው፣ እንዳሰብነው አይደለም ቢላት፣ ያን ቀን ታምነው ነበር፤ ማመን ፈልጋ ነበር። እሱ ግን እውነት መናገር የፈለገው በዚያች ሰዓት ሆነ።

«በጣም» አለ።

ካርታውን አጠፈችው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ መምህርቷ መጡ። ስሷ ካፖርት ገበር ገብቶላት፣ ተተኩሳ ተሰቅላለች። ለበሷት፤ መስታወት ፊት ቆመው እጃቸውን ዘረጉ፣ ሰበሰቡ። ልብስ ሰፊዋ ከኋላቸው ዞራ አየች። ሥራው ንጹሕ ነው። ጨርቁ ግን የከተማ ጨርቅ ነው፤ ምንም ገበር ቢገባበት የላይኛው መንደር ንፋስ እንደ ወረቀት ነው የሚያልፍበት። ለመምህርቷ የተያዘላቸው ሰባት ቁጥር ክፍል ጠዋት ጠዋት እንደሚበርድ ታውቃለች። የሰው ጉሮሮ እስኪደርቅ ጠይቃ ነው ያወቀችው።

«ያውልቋት» አለች።

«ምነው፣ አላማረችም?»

«አምራለች። ለዚህ ከተማ ትሁንዎ። ለዚያ ሌላ አለ።»

ከስፌት መኪናው ጀርባ በላስቲክ የተሸፈነ ግራጫ ካፖርት አወጣች። ጠዋት ከቤት ስትወጣ ይዛው የመጣችው ለምን እንደሆነ እስከዚያች ደቂቃ ራሷም በቅጡ አታውቀውም ነበር፤ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከዚያኛው ጋር ተጎራብቶ እንዲያድር ስላልፈለገች ብቻ ነበር ያመጣችው። መምህርቷ ለበሱት። ትከሻው ልክ ነው፣ ቁመቱ ልክ ነው፤ ከእጅጌው ትንሽ ማሳጠር ብቻ ቀርቶት ነበር፣ እዚያው ቆመው አሳጠረችላቸው።

«አዲስ ነው እኮ! የማን ነው?»

«የእኔ።»

«እንዴ! አንቺስ ምን ልትለብሺ?»

«እኔ እዚህ ነኝ፤ እዚህ ምን ብርድ አለ።»

መምህርቷ አርባ ዓመት ልጅ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ተጨማሪ ጥያቄ መጠየቅ የሌለበት ሰዓት መቼ እንደሆነ ያውቃሉ። በመስታወቱ ውስጥ ዞር ብለው ጀርባቸውን ለማየት ሞከሩ።

«ይቺ በሰያፍ የወረደችው ፋሽን ናት?»

«ጨርቅ አንሶኝ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሲመለሱ ይንገሩኝ፤ አኩራፊው ጠዋት እውነት ይቀላ እንደሆነ። እኔ ሰው ነግሮኝ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ አይታመንም።»

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ባልየው እየሮጠ ደረጃውን ወጣ። ገና በር ላይ ሆኖ ሁለት ትኬት ከፍ አድርጎ አሳያት። አለቃውን ለምኖ፣ ከረቡዕ ጉዞ ላይ ሁለት ባዶ መቀመጫ አግኝቶ ነው። ላብ በላብ ሆኗል።

«በግራ በኩል ነው!» አላት። «ሁለቱም በግራ። ሰባት ቁጥር ተይዟል፤ ግን ስድስትም ያው ነው፣ አይቼዋለሁ።»

አይቼዋለሁ የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ እሱም ሰማው። ይህን ለመሸፈን ፈጥኖ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደና ከፈተው። አንድ ካፖርት ብቻ ተሰቅሏል። ጎኑ ባዶ መስቀያ አለ።

«ያንቺስ?»

«ረቡዕ ጠዋት ይሄዳል። ሰባት ቁጥር ነው የሚያድረው። እኔ ግን አልሄድም።»

ትኬቶቹን እንደያዘ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እኮ ስትጠብቂው የኖርሽው ነው» አለ። «አሁን መጣልሽ፤ እንዴት አልሄድም ትያለሽ?»

«እኔማ ስሄድ ነበር» አለችው። አልጮኸችም። «እሁድ እሁድ ስሄድ ነበር። አንተ ነህ የመለስከኝ።»

በሚቀጥለው እሁድ ምሳ እንዳበቃ ማንም ሳህን አላነሳም። ባልየው ወጥ የነካውን ጠረጴዛ እያየ ትንሽ ተቀመጠ። ከዚያ ተነስቶ እርጥቡን ጨርቅ አመጣና በሳህኖቹ መሀል መወልወል ጀመረ፤ እሷ ጀርባዋን ሰጥታው የጎረቤት ሱሪ ታሳጥራለች።